ተከፍሎት የለም ወይ?

ስለ ሙዚቀኞች ክፍያ በተጻፈ ቁጥር ከሥሩ የማይጠፋ አስተያየት አለ። «ሠራ፣ ተከፈለው፣ ሄደ። ሌላ ምን ይፈልጋል?» አንዳንዱ ጨመር ያደርግና «ግንበኛ ቤቱን ሠርቶ ካስረከበ በኋላ በየወሩ ኪራይ አካፍሉኝ ይላል እንዴ?» ይላል። የግንበኛው ምሳሌ ላይ ላዩን ሲያዩት ብልህ ይመስላል። ብዙ ሰው ስለሚደጋግመውም ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስለት ነው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ክርክሩን በአንድ ሰው ታሪክ ላይ ነው የማቆመው። በጅምላ ስናወራ «ሙዚቀኛው» የሚባል መልክ የሌለው ፍጡር ይመጣል፤ መልክ የሌለውን ሰው መካድ ደግሞ ቀላል ነው። ሰውዬው ሬይ ባሬቶ ይባላል። ኮንጋ መቺ ነው። የአሜሪካ ጃዝ የምትሰሙ ከሆነ ስሙን ባታውቁትም እጁን ሰምታችኋል።

ባሬቶ እ.ኤ.አ. በ1929 ብሩክሊን ውስጥ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የኛ ናቸው ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው)። ገና በ17 ዓመቱ ጦር ሠራዊት ገብቶ ጀርመን ተመደበ። እዚያ ሳለ የዲዚ ጊሌስፒን «ማንቴካ» ሰማ። በዚያ ሸክላ ላይ ኮንጋውን የሚመታው ኩባዊው ቻኖ ፖዞ ነው። ልጁ በቃ፣ ተለከፈ። ኮንጋ ስላልነበረው ሙኒክ ውስጥ ወታደሮች በሚያዘወትሩት ክለብ የባንጆ ጀርባ በእጁ እየመታ ከሙዚቀኞቹ ጋር መጫወት ጀመረ። ኒው ዮርክ ሲመለስ ሐርለም ውስጥ በየሌሊቱ ጨዋታ እየተገኘ እጁን አፍታታ። በ1957 የቲቶ ፑዌንቴን ኦርኬስትራ ተቀላቀለ፤ የተካው ደግሞ ሞንጎ ሳንታማሪያን ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ኮንጋ መቺ ከዚያ የሚበልጥ ወንበር ነበር ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። በ1958 ብቻ ከፒያኒስቱ ሬድ ጋርላንድ ጋር፣ ከሳክስፎኒስቱ ሉ ዶናልድሰን ጋር («ብሉዝ ዎክ» የሚባለው ሸክላ)፣ ከጂን አመንስ ጋር ተቀረጸ። በ1960 ከአመንስ ጋር «ቦስ ቴነር»፣ በ1963 ከጊታሪስቱ ኬኒ በሬል ጋር «ሚድናይት ብሉ»፣ በ1966 ከዌስ ሞንትጎመሪ ጋር «ቴኪላ»። ሌሎቹን ልዘርዝር ብል ይህ ጽሑፍ ስልክ ማውጫ ይሆናል። ብሉ ኖትና ፕሬስቲጅ የሚባሉት የሸክላ አሳታሚዎች ኮንጋ ሲያስፈልጋቸው መጀመሪያ ከሚደውሉላቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

ለምን እሱ? ይህ ጥያቄ የክርክሬ ዋና ምሰሶ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቻኖ ፖዞ ወደ ጃዝ ሲመጣ ኩባን ይዞ ነው የመጣው። ባንዱ በሱ ምት ዙሪያ መዞር ነበረበት። ባሬቶ ያደረገው የተገላቢጦሹን ነው። የጃዙን የራሱን መወዛወዝ፣ ያንን ተንሳፋፊ የሲምባል አካሄድ ሳይሰብር፣ በድራሙና በባሱ መሃል በምትቀረው ጠባብ ክፍተት እጁን አስገባ። ከድራም መቺው ጋር አይጋፋም፤ ቦታም አይለቅለትም። ይህን የሞከሩ ብዙዎች ሙዚቃውን አጨናንቀውታል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ ቀላል የሚመስለው እሱ ሲመታው ስለሆነ ነው። «ሚድናይት ብሉ»ን ዛሬ ማታ ክፈቱትና የመጀመሪያውን ሥራ ስሙ። በአልበሙ ላይ ፒያኖ የለም። ፒያኖ ይሞላው የነበረውን ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ማን እንደያዘው በጆሮአችሁ ፍረዱ። ኮንጋውን አውጡትና አስቡት፤ ቆንጆ ጊታር ይቀራችኋል፣ ያ ሌሊት ግን አይኖርም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ሒሳብ እንዴት ነበር የሚሠራው? ስቱዲዮ ይጠራል። የሙዚቀኞች ማኅበር የተመን ሠንጠረዥ አለ፤ በሰዓት ተቆጥሮ ለቀረጻው ይከፈለዋል። መሪ ሆኖ ስሙ በሸክላው ፊት ላይ የሚጻፈው ሰው ውል አለው። ዜማውን የጻፈው የደራሲነት ድርሻ አለው። አሳታሚው ቅጂው ራሱ አለው። ኮንጋ መቺው ደረሰኝ አለው። ማኅበሩ በድርድር ያስገኛቸው አንዳንድ ተጨማሪ ክፍያዎች ቢኖሩም፣ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር የሚቆጠር የራሱ ድርሻ ግን የለውም። ያ ሸክላ በሲዲ ታተመ፣ እንደገና በሸክላ ታተመ፣ ስልካችሁ ውስጥ ገባ፣ ካፌ ውስጥ ከበላያችሁ ይጫወታል። 60 ዓመት አልፎታል። ደረሰኙ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ግንበኛው እንመለስ። ምሳሌው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ዜማ ደራሲውም ግንበኛ ነው፣ የባንዱ መሪም ግንበኛ ነው፣ አሳታሚውም ሲሚንቶ ያቀረበ ነጋዴ ነው። እነሱ ሁሉ ኪራይ ይካፈላሉ። ማንም ተነሥቶ «ተከፍሏችሁ የለም ወይ?» አይላቸውም። ስለዚህ ጉዳዩ «የሠራ ሰው አንድ ጊዜ ይከፈለዋል» የሚል መርሕ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም በሠራ ነበር። መርሕ አይደለም። ሕጉ ሲረቀቅ ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ተቀምጦ ነበር የሚል ጉዳይ ነው።

(በነገራችን ላይ እኔም በጽሑፍ ብዛት የምከፈል ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ የሸጥኩት ጽሑፍ ሳልጠየቅ ሌላ ቦታ ታትሞ አይቼ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ቃል በቃል የዛሬው ርዕስ ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም።)

ሁለተኛው ክርክር ሻል ያለ ነው፤ «ምት ድርሰት አይደለም፣ ዜማ ነው ድርሰት» ይላል። ማን አለ? ይህ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1978 አንድን ሙዚቃ በደራሲነት ለማስመዝገብ በኖታ የተጻፈ ወረቀት ማስገባት ግድ ነበር፤ ቅጂ አይቀበሉም። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ዜማውና ግጥሙ ነው። ኮንጋ መቺው በእጁ መዳፍ ጎንና በጣቶቹ ጫፍ የሚያወጣውን ማን በኖታ ይጽፈዋል? ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ፎርም ያላወቀው ነገር ሕጉም ሳያውቀው ቀረ፤ ሕጉ ያላወቀውን ደግሞ ሰዉ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ለመደው። የተቀዳው ድምፅ ራሱ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ያገኘው በ1972 ነው፣ ያውም ከዚያ ወዲህ ለተቀዱት ብቻ።

ልዩ ሁኔታ አልነበረም አልልም። «ማንቴካ» ላይ ቻኖ ፖዞ ከጊሌስፒና ከጊል ፉለር ጋር በደራሲነት ተመዝግቧል። ተመልከቱ፣ ከበሮ መቺ ደራሲ መሆን ይችላል ማለት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ከተጠራ። ምስኪኑ ፖዞ ብዙም አልበላበትም፤ በታኅሣሥ 1948 ሐርለም ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ።

ካልተጠራ ምን እንደሚሆን ለማየት ከጃዝ ወጣ ብለን ክላይድ ስተብልፊልድን እንይ። የጀምስ ብራውን ድራም መቺ ነበር። በኅዳር 1969 በተቀዳ «ፈንኪ ድራመር» በሚባል ሥራ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን ይመታል። ዘፈኑ ስሙ ራሱ «ድራም መቺው» ነው! ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ግን ጀምስ ብራውን ብቻ። ያቺን ቁራጭ ሒፕ ሆፕ አነሣት፤ ከፐብሊክ ኢነሚ እስከ ኤል ኤል ኩል ጄ፣ ከ1,000 በላይ ዘፈኖች ውስጥ እንደገባች ይነገራል። ስተብልፊልድ በሕግ የሚጠይቀው ድርሻ አልነበረውም። በ2000 ካንሰር ሲይዘው የጤና መድን አልነበረውም፤ ወደ 80 ሺህ ዶላር የሚሆን የሕክምና ዕዳውን በዝምታ የከፈለለት ዘፋኙ ፕሪንስ መሆኑ የታወቀው ፕሪንስ ከሞተ በኋላ ነው። ደግ ሰው በመኖሩ ደስ ይለናል። ግን ልብ በሉ፣ መብት በሌለበት ቦታ የሚመጣው ቸርነት ነው፤ ቸርነት ደግሞ ሁሉንም ደጅ አያንኳኳም።

ሦስተኛው ክርክር «ታዲያ ራሱ ለምን መሪ አይሆንም?» የሚል ነው። ባሬቶ ሆኗል። «ኤል ዋቱሲ» የሚባለው ሥራው በ1963 በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ላይ 17ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። ኋላም የፋኒያ ኦል ስታርስ የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር፤ የሳልሳ ሰዎች ዘንድ ዛሬም ስሙ ትልቅ ነው። ይህ ግን ለክርክሩ መልስ አይሆንም። አንደኛ፣ መሪ ሆኖ ያገኘው በአጃቢነት ያላገኘውን አይተካም። ሁለተኛ፣ መሪ የሆነ ሁሉ አጃቢ ያስፈልገዋል። አሥራ ሁለት ሰው መድረክ ላይ ቢቆም አሥራ ሁለቱም መሪ ሊሆኑ አይችሉም። «መሪ ይሁን» ማለት ወታደሩን «ደመወዝህ ካነሰህ ጄኔራል ሁን» እንደማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ አጃቢነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሌላውን ሰው ሐሳብ ሰምቶ፣ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በቂ ልምምድ ሳይኖር፣ ያ ሐሳብ ከነበረው እንዲበልጥ ማድረግ ብዙ መሪዎች የማይችሉት ነገር ነው።

እሺ፣ «ዓለም እንዲህ ናት፣ አትለወጥም» ለምትሉ፤ ተለውጣለች። ትንሽ።

አሜሪካ ውስጥ ተራው ሬዲዮ እስከ ዛሬ ለዜማ ደራሲው ይከፍላል እንጂ ለተጫዋቹ አይከፍልም፣ ለዘፋኙም ጭምር። በ1995 የወጣው ሕግ ግን በዲጂታል ስርጭት ላይ የአጫዋቾችን መብት አስገባ። በዚያ አከፋፈል ከሚሰበሰበው 50 በመቶ ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶ ስሙ ለሚጠራው አርቲስት፣ የቀረው 5 በመቶ ለአጃቢዎች፤ ከዚሁ ግማሹ፣ 2.5 በመቶ፣ ለመሣሪያ ተጫዋቾች፣ ግማሹ ለድምፅ አጃቢዎች። 2.5 በመቶ የሚያስቅ ቁጥር ነው። ሕጉ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «እናንተም አላችሁ» አለ። ክፍተቱ ደግሞ ከ1972 በፊት የተቀዱት ሥራዎች ጉዳይ ነበር። እነሱ በግልጽ ወደዚህ ሥርዓት የገቡት በጥቅምት 2018 በወጣ ሕግ ነው። የባሬቶ ያ ሁሉ ወርቃማ ቅጂ፣ ከ1958 እስከ 1966፣ ከዚህ መስመር በታች ነበር።

ባሬቶ በጥር 2006 አሜሪካ ለጃዝ ሰዎች የምትሰጠውን ከፍተኛ ክብር፣ የጃዝ ማስተር ማዕረግ፣ ተቀበለ። በቀጣዩ ወር፣ የካቲት 17፣ ኒው ጀርሲ ሃከንሳክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል አረፈ። «ብሉዝ ዎክ» የተቀዳውም በዚያችው ከተማ፣ ከ48 ዓመት በፊት፣ ስቱዲዮ በሆነ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ነበር። ሕጉ የደረሰው ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

አውሮፓ ከዚህ ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 የተጫዋቾችን የመብት ዘመን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም አንድ ነገር አስገባ። አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው መብታቸውን ለፈረሙት አጃቢዎች፣ ቅጂው 50 ዓመት ካለፈው በኋላ አሳታሚው በየዓመቱ ከዚያ ሥራ ከሚያገኘው ገቢ 20 በመቶ ይለይላቸዋል። ይህን መብት በውል እንዲተዉት ማድረግም አይቻልም። አያችሁ? «ተከፍሎት የለም ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሕግ አውጪዎች ሰምተውት «አዎ ተከፍሎታል፣ ግን አልበቃም» ብለው መልሰውታል። አሳታሚዎቹም አልከሰሩም፤ ሸክላ ዛሬም ይሸጣል።

አሁን ወደ ቤታችን።

እኛ የጎን ሰውየውን «አጃቢ» ነው የምንለው። አጃቢ ሙሽራን ወይም ሹምን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ግብዣው የሱ አይደለም፣ ስሙም አይጠየቅም። ዘፈን ሲለቀቅ የሚለጠፈውን አንብቡ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ከዚያ የቪዲዮው ዳይሬክተር፣ አንዳንዴም ሜካፕ የሠራችው ልጅ። ባሱን ማን መታው? ድራሙን ማን መታው? ሜካፕ የሠራችው ልጅ መጠራቷ ደስ ይለኛል፣ ይገባታልም። ግን ሙዚቃ ነው የለቀቃችሁት እኮ።

በዓለም ዙሪያ የተከበርንበት የ1960ዎቹና 70ዎቹ ሙዚቃችን በአጃቢዎች የተሠራ ሙዚቃ ነው። ዋሊያስ ባንድ በ1977 ያወጣውን «ቼ በለው» ውሰዱ። መዝፈን የሌለበት፣ መሣሪያ ብቻ የሚናገርበት ሥራ ነው። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ አለ። ቫይብራፎኑን የመታው ማን መሰላችሁ? ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ በሌላው ባንድ ሸክላ ላይ እንግዳ ሆኖ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በባሬቶ ከተማ፣ ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር በራሱ ስም ሸክላ ያስቀረጸው ሙላቱ እንኳ አጃቢ የሚሆንበት ቀን ነበረው። ሙላቱን ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። ድራሙን የመታው ተማረ ሐረጉን ግን ስንቶቻችን በስም እናውቀዋለን? «ሙዚቃዊ ስልት»ን በፉጨት የማያውቅ ሰው በሌለበት አገር!

እነዚያ ሸክላዎች ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደገና እየታተሙ ነው። «ቼ በለው» ራሱ በ2014 ዳግም ታትሟል። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ በዳግም ኅትመት ምክንያት ወደ ዓለም መድረክ ተመልሷል፤ ደስ ይላል። ግን የኃይሉ ስም ሽፋኑ ላይ ነበር። ስማቸው ሽፋኑ ላይ ያልነበረው ማንን ይጠይቁ? በካሴት ዘመን የተለመደው ባንዱ ለአንድ ሥራ በጥቅል ተከፍሎት መካፈል ነው። ወረቀት የለም። ወረቀት የሌለው ሰው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ጊዜ የታየውን የራሱን ምት በልጅ ልጁ ስልክ ያያል።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። በ1996 ዓ.ም. (የኛው) የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 «ከዋኝ» ይላል፤ ከዋኝ ማለት ዘፋኝ ብቻ አይደለም፣ ሙዚቀኛም ነው። የ50 ዓመት ጥበቃም ይሰጣል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ መብቶችን በጋራ ለሚያስተዳድሩ ማኅበራት መንገድ ከፍቷል። እንግዲህ ሮያሊቲ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከሆቴሉ ይሰብሰብ ሲባል ዓመታት ሆነን። እሰየው። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍፍሉ ሲወራ የምሰማው ነው፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ድምፃዊ፣ አሳታሚ። አምስት ጣት። አጃቢው መዳፉ ነው መሰለኝ፣ አይቆጠርም።

ይህ ደግሞ አሁን ካልተነሣ በኋላ አይነሣም። የአከፋፈል ቀመር አንዴ ከጸና የያዘ አይለቅም፤ አሜሪካኖቹ 2.5 በመቶዋን በ1995 ጽፈዋት ዛሬም እዚያው ናት። እኛ ገና በጅምር ላይ ነን፤ ባዶ ወረቀት ላይ መስመር መጨመር ብዕር ብቻ ነው የሚጠይቀው። በየጥቂት ወሩ አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ታሞ የባንክ ቁጥር ሲለጠፍ «ባለውለታችን» ብለን ሼር እናደርጋለን፣ መቶም ሁለት መቶም ብር እንልካለን። ውለታ ካለብን በዕዳ መልክ እንክፈለው እንጂ ለምን በምጽዋት?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቀመሩን የሚያረቁ ሰዎች ለመሣሪያ ተጫዋች በቁጥር የተጻፈ፣ በውል የማይሻር ድርሻ ያስገቡ። ዘፈን የሚለቅ ሁሉ ከ«ቅንብር» ቀጥሎ የተጫወቱትን ስም ይጻፍ፤ ይህኛው ሳንቲም አያስወጣም። ሦስተኛው የናንተ ነው። ቤታችሁ የድሮ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ ጀርባውን ገልብጡት። ድራም፣ ኮንጋ፣ ባስ፣ ኦርጋን ብሎ ስም የጻፈ ካገኛችሁ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ዓመተ ምሕረቱና የሙዚቃ ቤቱ ስም እንዲታይ አድርጋችሁ። ስም ያልተጻፈበት ከሆነም ላኩት፤ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ «ይሄን የመታው እከሌ ነው» ካሉ ያሉትን ከሥሩ ጻፉበት። የደረሰኝን በየሳምንቱ እዚሁ ቻናል ላይ አወጣለሁ።